ከዐቃቤ ሕግ ወንበር እስከ ተከሳሽ ሳጥን፦ የጆ ሱሊቫን ነገር

ዛሬ ታሪክ ልናወራ ነው። ታሪክ ስንል ግን የነገሥታትና የጦር ሜዳ ታሪክ እንዳይመስላችሁ። የምናወራው ስለ ቅርብ ጊዜ ነው፤ ባለታሪኩም በሕይወት ያለ ሰው ነው። ጆ ሱሊቫን ይባላል፣ አሜሪካዊ ነው። ሰውየው በአንድ ዕድሜ ሦስት ወንበር ላይ ተቀምጧል። መጀመሪያ የኮምፒውተር ሌቦችን የሚከስ የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ነበር። ቀጥሎ የታላላቅ ኩባንያዎች የደኅንነት ኃላፊ ሆነ። በመጨረሻ ደግሞ ያው ዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤት ከሶት ተከሳሽ ሳጥን ውስጥ ቆመ።

(ከመጀመራችን በፊት አንድ ማሳሰቢያ፦ ነገሩ የፈረንጅ አገር ነገር ስለሆነ፣ ለይተን ካልነገርናችሁ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ዘበኛና ፖሊስ

እስቲ ከቤታችን እንነሳ። የግቢያችን ዘበኛና የሰፈሩ ፖሊስ ሥራቸው አንድ ይመስላል። ሁለቱም ሌሊት አይተኙም፣ ሁለቱም ሌባ ይጠብቃሉ። ልዩነታቸው የሚታየው ሌባ የገባ ዕለት ነው። ፖሊሱ ቃሉን የሚሰጠው ለሕግ ነው። ዘበኛው ግን ደመወዙ ከጌታው ኪስ ነው። ጌታው «ዝም በል፣ ጎረቤት እንዳይሰማ» ቢለው ምን ያደርጋል? የተሰረቀው የጌታው ዕቃ ብቻ ከሆነ ነገሩ የጌታው ነው እንበል። የተሰረቀው ጎረቤት በአደራ ያስቀመጠው ዕቃ ከሆነስ?

የዛሬው ታሪካችን በዚህች ጥያቄ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ጥያቄዋን ያዙልን።

መንገዱን ማን ጠረገው?

ኩባንያ «የመረጃ ደኅንነት ኃላፊ» የሚባል ሹም መቅጠሩ የቆየ ልማድ አይደለም። በ1994 ከሩሲያ ከሴንት ፒተርስበርግ የተነሱ ሰዎች የአሜሪካውን ሲቲባንክ የገንዘብ ማስተላለፊያ ሰብረው ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወደ ሌሎች ሂሳቦች ለማዛወር ሞከሩ። ባንኩ ከ400 ሺህ ዶላር ገደማ በቀር አስመለሰ፤ ድንጋጤው ግን ቀረ። በዓመቱ፣ በ1995፣ የባንኩ ባለቤት ሲቲኮርፕ ስቲቭ ካትዝ የሚባል ባለሙያ ቀጠረ። ካትዝ በዓለም የመጀመሪያው የመረጃ ደኅንነት ሹም ተብሎ ይጠራል።

ካትዝ የባንክ ሰው ነበር። ከእርሱ ቀጥሎ ግን ከፖሊስ ሰፈር የመጡት በዙ። ሃዋርድ ሽሚትን ውሰዱ። በአሪዞና ግዛት ቻንድለር በምትባል ከተማ ተራ ፖሊስ ነበር። ከዚያ በኤፍቢአይ ሥር ኮምፒውተር እየፈተሸ ማስረጃ የሚያወጣ ቡድን መራ፣ ቀጥሎ በአሜሪካ አየር ኃይል የምርመራ ክፍል ውስጥ ያንኑ ሥራ ሠራ። በ1997 ማይክሮሶፍት ወሰደው። ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት በኋላ በ2001 መጨረሻ የቡሽ ዋይት ሐውስ ጠራው፤ በ2003 ወደ ኢቤይ ሄደ፤ በ2009 መጨረሻ ደግሞ ኦባማ የሳይበር ደኅንነት አስተባባሪ አድርገው መልሰው ወደ ዋይት ሐውስ አመጡት። በ2017 አረፈ። ከመንግሥት ወደ ኩባንያ፣ ከኩባንያ ወደ መንግሥት! በአንድ በር ወጥቶ በዚያው በር መመለስ ማለት ይሄ ነው።

ሾን ሄንሪም አለ። በኤፍቢአይ 24 ዓመት ሠርቶ ከቢሮው ከፍተኛ ሹማምንት አንዱ ከሆነ በኋላ በ2012 ጡረታ ወጣ። በወሩ ክራውድስትራይክ የተባለውን የደኅንነት ኩባንያ ተቀላቀለ።

ኩባንያዎች እነዚህን ሰዎች የሚፈልጓቸው ለምንድን ነው ትሉ ይሆናል። አንደኛ፣ ሌባውን ያውቁታል። ሁለተኛ፣ ሌባውን የሚያሳድደውንም ያውቁታል፤ ስልክ ሲደውሉ የሚያነሳላቸው አለ። ሦስተኛው ብዙ አይነገርም፦ «የእኛ ዘበኛ የቀድሞ ፖሊስ ነው» ማለት በራሱ ለደንበኛው መተማመኛ ነው። በሌላ አነጋገር ኩባንያው የሚገዛው የሰውየውን ችሎታ ብቻ ሳይሆን መንግሥት ያለበሰውን ክብርም ጭምር ነው።

ሰውየው

ጆ ሱሊቫን በዚህ በተጠረገ መንገድ ነው የሄደው። በሙያው ጠበቃ ነው። በአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር ስምንት ዓመት አገልግሏል። በ2000 በሳን ፍራንሲስኮው የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ቢሮ የኮምፒውተር ሰርሳሪዎችንና የፈጠራ መብት ሌቦችን ብቻ የሚከታተል ክፍል ሲቋቋም ከመጀመሪያዎቹ አባላት አንዱ ነበር። የቢሮው አለቃ በኋላ የኤፍቢአይ ዳይሬክተር የሆኑት ሮበርት ሙለር ነበሩ። ጊዜው የኢንተርኔት ኩባንያዎች እንደ ክረምት እንጉዳይ የፈሉበት፣ ሕጉ ደግሞ ከኋላ እያለከለከ የሚከተልበት ነበር። የኮምፒውተር ወንጀል የሚገባው ዐቃቤ ሕግ በጣት የሚቆጠር ነበር።

በ2002 ወደ ኢቤይ ሄደ፣ በእህት ኩባንያው በፔይፓልም ሠራ። በ2008 መጨረሻ ፌስቡክ ገባ፤ በኋላም የደኅንነት ኃላፊ ሆነ። በ2015 ኤፕሪል ላይ ኡበር በዚያው ማዕረግ ወሰደው። በ2016 ደግሞ ኦባማ ያቋቋሙት የአገሪቱን የሳይበር ደኅንነት የሚያጠና ኮሚሽን አባል ሆነ። እንግዲህ አስቡት፤ በዚያ ዓመት በሙያው ከእርሱ በላይ የሚከበር ሰው ማግኘት ከባድ ነበር። አጋጣሚ ሆኖ ታሪኩ የተበላሸውም በዚያው ዓመት ነው።

አሥር ቀን

ኡበር ሱሊቫንን ሲቀጥር ቤቱ አስቀድሞ ተሰርቆ ነበር። በ2014 አንድ የኩባንያው መሐንዲስ የመረጃ ቋቱን መክፈቻ ቁልፍ ጊትሀብ ላይ ለሁሉም በሚታይ ቦታ ትቶት ነበር። (ጊትሀብ ፕሮግራመሮች የጻፉትን ኮድ የሚያስቀምጡበት ድረ ገጽ ነው።) ሰርሳሪ ቁልፉን አገኘና የሾፌሮችን መረጃ ወሰደ። ኩባንያው ነገሩን በ2015 ፌብሩዋሪ ይፋ አደረገ። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽንም «የሰው መረጃ እንዴት ነው የምትይዙት?» ብሎ ምርመራ ጀመረ። ሱሊቫን ለዚህ ምርመራ ኩባንያውን ወክሎ መልስ ከሚሰጡት አንዱ ሆነ። ኖቬምበር 4 ቀን 2016 በመሐላ ቃሉን ሰጠ። ከስርቆቱ ወዲህ መረጃውን ለመጠበቅ ምን ምን እንደተደረገ አብራራ።

አሥር ቀን አለፈ። ኖቬምበር 14 ላይ ለሱሊቫን አንድ ኢሜይል መጣለት። ላኪው ማንነቱን የደበቀ ሰው ነው። መልእክቱ ባጭሩ «ቋታችሁን ከፍተን ገብተናል፣ መረጃው በእጃችን ነው፣ ገንዘብ እንፈልጋለን» የሚል ነበር። የሱሊቫን ቡድን አጣራ። እውነት ነው! ሰርሳሪዎቹ በተሰረቀ የይለፍ ቃል አማካይነት ኩባንያው ጊትሀብ ላይ ያለውን የግል ክፍል ከፍተዋል፤ እዚያ ውስጥ የአማዞን ማከማቻ ቁልፍ አግኝተዋል፤ በቁልፉ ገብተው ጭነው ወጥተዋል። በ2014 የሆነው ማለት ይቻላል ተደገመ። የተወሰደው የ57 ሚሊዮን ተሳፋሪዎችና ሾፌሮች መረጃ ነበር፤ ስም፣ ኢሜይል፣ ስልክ ቁጥር። ከዚህ ውስጥ የ600 ሺህ ያህል አሜሪካ የሚሠሩ ሾፌሮች የመንጃ ፈቃድ ቁጥር ይገኝበታል።

እዚህ ላይ ለአፍታ እንቁም። ዋሽንግተን ዲሲ፣ ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ የኖረ ዘመድ ያለው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ እዚያ ኡበር ጠርታችሁ መሪውን የያዘው ሰው በአማርኛ ቢያናግራችሁ ብርቅ አይደለም። «600 ሺህ ሾፌሮች» የሚለው ቁጥር ባዶ ቁጥር እንዳይመስላችሁ። ሌሊት የሚነዳ፣ የቤት ኪራይ የሚከፍል፣ ወደ አገር ቤት የሚልክ ሰው ነው። የዘበኛው ጎረቤት፣ አደራ ያስቀመጠው ሰው እርሱ ነው።

ውሾን ያነሳ ውሾ ይሁን

ሱሊቫን ምን አደረገ? ለኮሚሽኑ አልደወለም። ያ ሁሉ ዓመት የኖረበትን የምርመራ ዓለም ስልክ አላነሳም። መንገድ ፈለገ፤ መንገዱም ተገኘ።

ብዙ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች የወሮታ አሠራር አላቸው። በቅን ልቦና የሚሠራ ሀከር ቀዳዳ ሲያገኝ ለባለቤቱ ያመለክታል፣ ባለቤቱም ወሮታ ይከፍላል። ኡበርም ሀከርዋን በተባለ ድርጅት በኩል ይህ አሠራር ነበረው። የአከፋፈሉ ጣሪያ 10 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። ለእነዚህ ሰርሳሪዎች ግን በዲሴምበር 2016 በቢትኮይን 100 ሺህ ዶላር ተከፈላቸው። ቅሚያው የወሮታ ካባ ለበሰ ማለት ነው። ከዚያም ምስጢር የመጠበቅ ውል አስፈረሟቸው። ውሉ ላይ ሰርሳሪዎቹ ምንም መረጃ እንዳልወሰዱ ተጽፎ ነበር፤ ይህ ደግሞ ሐሰት ነው፤ ወስደዋልና። በወሩ የኩባንያው ሰዎች የሁለቱን እውነተኛ ማንነት ደርሰውበት በስማቸው እንደገና አስፈረሟቸው።

የአገራችን ተረት ይህን ውል በአራት ቃል ይጠቀልለዋል፦ ውሾን ያነሳ ውሾ ይሁን።

ኮሚሽኑ ምንም ሳያውቅ ምርመራውን ቀጠለ፤ በ2017 ኦገስትም ከኡበር ጋር የስምምነት ሐሳብ ላይ ደረሰ። የኩባንያው መሥራችና ሥራ አስኪያጅ ትራቪስ ካላኒክ ግን በዚያው ዓመት ጁን ላይ ሥራውን ለቅቆ ነበር። በምትኩ የመጣው ዳራ ኮስሮሻሂ ስለ ጉዳዩ ሲሰማ ማብራሪያ ጠየቀ። በኋላ በፍርድ ቤት እንደታየው፣ ለአዲሱ አለቃ የተላከው ማብራሪያ ዋናዋ ነገር ወጥታለት ነበር፤ መረጃው መወሰዱ አልተነገረውም። ማጣራቱ ሲቀጥል እውነቱ ወጣ። በ2017 ኖቬምበር ኡበር ስርቆቱን ለዓለም አሳወቀ፣ ሱሊቫንንም አባረረ። በቀጣዩ ዓመት ኩባንያው ለ50ዎቹ ግዛቶችና ለዋሽንግተን ዲሲ 148 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በአንዳንድ ግዛቶች ለእያንዳንዱ ሾፌር 100 ዶላር ደረሰው።

ሰርሳሪዎቹስ? ሁለት ወጣቶች ነበሩ። በ2019 ጥፋተኝነታቸውን አመኑ። ዐቃብያነ ሕግ አንድ ነገር ደጋግመው አንስተዋል፦ ልጆቹ ከኡበር በኋላ ሌላም ኩባንያ ላይ ያንኑ ጨዋታ ሞክረዋል። ዝምታው ለአንድ ቤት ሰላም ገዝቶ ይሆናል፤ ለሚቀጥለው ቤት ግን ሌባ ላከ።

ችሎቱ

ሱሊቫን ከኡበር ከተባረረ በኋላ ክላውድፍሌር በሚባል ሌላ ትልቅ ኩባንያ የደኅንነት ኃላፊ ሆነ። እዚያ እያለ በ2020 ኦገስት ተከሰሰ። ክሱን ያቀረበው በወጣትነቱ የሠራበት የሳን ፍራንሲስኮው የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ነው። ክሱ ሁለት ነው፦ የመንግሥትን ምርመራ ማሰናከልና ከባድ ወንጀል መፈጸሙን እያወቁ መደበቅ።

ጠበቆቹ የተከራከሩት እንዲህ ነበር፦ ሱሊቫን ብቻውን አልወሰነም፤ ሥራ አስኪያጁ ያውቅ ነበር፤ የኩባንያው የሕግ ባለሙያ በነገሩ ውስጥ ነበር፤ ለመንግሥት ማሳወቅ አለማሳወቅ የሕግ ክፍሉ ድርሻ ነው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቡድኑ ሰርሳሪዎቹን አድኖ አግኝቶ መረጃው እንዳይሰራጭ አድርጓል። ዐቃቤ ሕግ በበኩሉ፣ ሰውየው በመሐላ ቃሉን በሰጠ በአሥር ቀኑ የደረሰውን ስርቆት ከመርማሪዎቹ ሰውሯል፣ ውሸት ያለበት ውልም አዘጋጅቷል አለ።

ኦክቶበር 5 ቀን 2022 የፍርድ አማካሪዎቹ በሁለቱም ክሶች ጥፋተኛ አሉት። በሜይ 2023 ዐቃቤ ሕግ የ15 ወር እስር ጠየቀ። ዳኛ ዊልያም ኦሪክ ግን እስር ቤት አላስገቡትም፤ የ3 ዓመት ገደብ፣ የ50 ሺህ ዶላር መቀጮና የ200 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ፈረዱበት። የሙያ ባልደረቦቹ በርካታ የድጋፍ ደብዳቤ ጽፈውለት ነበር። ዳኛው ግን ማስጠንቀቂያ አከሉ፦ ነገ ተመሳሳይ ክስ ቢመጣ፣ ተከሳሹ የጳጳስ ፍራንሲስን ጠባይ ቢይዝ እንኳ ወደ እስር ቤት ይሄዳል። የካላኒክንም ስም አንስተው እርሱ ለምን እዚህ የለም የሚል ጥያቄ ጣሉ። ካላኒክ አልተከሰሰም። ኩባንያው ራሱም በ2022 ጥፋቱን አምኖ ላለመከሰስ ከመንግሥት ጋር ተስማምቶ ነበር። ሱሊቫን ይግባኝ አለ፤ በማርች 2025 የይግባኙ ፍርድ ቤት ፍርዱን አጸና።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?

እኛ በዚህ ጽሑፍ ዙሪያ ስንጨቃጨቅ ሁለት ጎራ ሆነን ነበር። አንደኛው ጎራ «በግ ሆኖ ታረደ» ይላል። አለቃው ወደ ቤቱ፣ ኩባንያው ወደ ገበያው ሲሄድ ዘበኛው ብቻ ተከሰሰ። ሌላው ጎራ «ከሁሉ በላይ እርሱ ያውቅ ነበር» ይላል። ምስክር ሲደብቅ ምን እንደሚባል፣ ሐሰት ሰነድ ላይ ሲሰፍር ምን እንደሚባል የሚያውቀው ለዓመታት ሌሎችን በሕግ ሲከስ የኖረ ሰው ነው።

ተከራክረን ተከራክረን የደረስንበት ይሄ ነው፦ ሁለቱም ጎራ ልክ ነው፤ አንዱ ሌላውን አያጠፋውም። አለቃው አለመከሰሱ ፍትሕን ያጎድለዋል፤ የሱሊቫንን ጥፋት ግን አይሰርዘውም። ደግሞም አንድ ልዩነት መያዝ አለበት። ሱሊቫን የተፈረደበት ስለተሰረቀ አይደለም። የትኛውም ቤት ሊሰረቅ ይችላል፤ ጎበዝ ዘበኛም እንቅልፍ ይጥለዋል። ለሌባ ገንዘብ በመክፈሉ ብቻም አይደለም። የተፈረደበት መንግሥት «ምን ሆነ?» እያለ እየጠየቀ ባለበት ሰዓት የሆነውን በመሸሸጉ ነው።

ድሮ በገጠራችን አውጫጭ የሚባል ሥርዓት ነበር። ከብት ሲጠፋ ወይም ሰው ሲገደል አገሬው በሙሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ያየ የሰማ ተናግሮ ነገሩ እስኪወጣ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ሥርዓቱ ጉድለት ነበረው፤ ንጹሑን ሁሉ ከሥራው አስፈትቶ ያንገላታ ነበር። ሐሳቡ ግን ግልጽ ነው፦ ስርቆት የተሰረቀው ሰው የግል ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ የሰፈሩ ጉዳይ ነው። የአሜሪካ ሕግም ከኡበር ወዲህ ወደዚያ አዘንብሏል። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ አክሲዮናቸው በገበያ የሚሸጥ ኩባንያዎች ከባድ የሳይበር ጥቃት እንደደረሰባቸው ከወሰኑ በአራት የሥራ ቀን ውስጥ ይፋ እንዲያደርጉ ደንብ ወጥቷል።

ከዚያስ?

ሱሊቫን ቤቱ አልተቀመጠም። ዩክሬንን የሚረዳ በጎ አድራጎት ድርጅት መርቷል፤ በሙያ ጉባኤዎች ላይም እየቆመ የደረሰበትን ይናገራል። የሙያ ባልደረቦቹም ደንግጠው አንድ ነገር ተማሩ። ብዙዎቹ ሥራ ከመቀበላቸው በፊት ኩባንያው በክስ ጊዜ ጠበቃ ይቆምላቸው እንደሆነ፣ ኢንሹራንስ ይገባላቸው እንደሆነ መጠየቅ ጀመሩ። ይህ ብልህነት ነው፤ አንነቅፈውም። ኢንሹራንሱ ግን የዘበኛውን ኪስ ነው የሚጠብቀው። የጎረቤቱን አደራ የሚጠብቀው ሌላ ነገር ነው፤ «ይህን መደበቅ አልችልም፣ ካስገደዳችሁኝ እለቃለሁ» የምትል ዓረፍተ ነገር ናት። ዋጋዋ ውድ ነው፣ ደመወዝ ታስከፍላለች። የምትለመደው ግን በትንሹ ነገር እንጂ 57 ሚሊዮን ሰው በተሰረቀበት ሌሊት አይደለም።

ይህን ሁሉ የምንነግራችሁ የአሜሪካ ወሬ ስለሚጥመን ብቻ አይደለም። ከእናንተ መካከል ኮምፒውተር ሳይንስ የምታጠኑ፣ ባንክ ውስጥ፣ ቴሌ ውስጥ፣ በታክሲ መጥሪያ መተግበሪያ ኩባንያ ውስጥ የሰው ስልክና ስም የምትይዙ አላችሁ። በአገራችንም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) ወጥቷል። ሕጉ መጽሐፍ ላይ አለ። ኢሜይሉ የመጣ ዕለት ወንበሩ ላይ የምትቀመጡት ግን እናንተ ናችሁ። አለቃችሁ በራችሁ ላይ ቆሞ «ነገሩን በጸጥታ ጨርሰው» ይላችኋል፤ ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ፊርማ የእናንተ ነው።

የያዛችሁልንን ጥያቄ መልሱልን እንግዲህ። የተሰረቀው የጎረቤት አደራ ከሆነ ዘበኛው ለማን ነው የሚጮኸው? እኛ መልሳችንን ይዘናል፤ ለጎረቤት ነው። ሱሊቫንም በዐቃቤ ሕግነቱ ዘመን ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ ይህንኑ ይል ነበር ብለን እናምናለን። አባቶች በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ያሉት ለታማሚው ነበር። የሌላ ሰው በሽታ በአደራ ለያዘ ግን ነገሩ ይከብዳል፤ እርሱ ሲደብቅ የሚታመመው ሌላ ነው።